ድሪክ የገለበጡት ኬክ

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ዝናቡ ይወርዳል። በካቴድራሉ ደጃፍ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች ሴት ታክሲ ትጠብቃለች። ጎረቤቴ ሽማግሌው ድሪክ ጃንጥላቸውን ለእሷ ዘርግተው፣ ራሳቸው እየበሰበሱ፣ ታክሲው እስኪመጣ ቆሙላት። አፋቸው ግን አላረፈም። «በዚህ ዝናብ ምን አስወጣሽ?» እያሉ ይቆጧታል።

ድሪክ እንዲህ ናቸው። እዚሁ ዴን ቦስ ከተማ ኬክ ቤት አላቸው፤ የሚሸጡትም ቦል ብቻ ነው፤ ውስጡ ክሬም የተሞላ፣ ቸኮሌት ውስጥ የተነከረ፣ ቡጢ የሚያህል ኬክ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጉልበታቸው ከዳቸው። ልጃቸው ዋውተርና ሃንጋሪያዊት ሚስቱ ኢልዲኮ ኬክ ቤቱን ሊረከቡ፣ ሌላም ኬክ ሊጨምሩበት ፈለጉ። ድሪክ «ከቦል ሌላ ከሚሸጥበት ይዘጋ» አሉ። ባልና ሚስቱም ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ አይንድሆቨን ሊሄዱ ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ ድሪክ ቤት ምሳ ተጋበዝኩ። ከምሳ በኋላ ኢልዲኮ ላያቸው በቸኮሌት የሚያብለጨልጭ ኬኮች በሳህን አቀረበች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ድሪክ።

«ቀምሰው ይንገሩኝ።»

አሸተቱት፤ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ቦል ነው። ያልተሳካ ቦል። ቸኮሌት አልቆብሽ ነው ግማሹን የተውሽው?»

«ቦል አይደለም፣ አባባ። የእኛ አገር ኬክ ነው፤ ኢንዲያነር ይባላል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስጋግር ኖሬ ዛሬ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

ይህን ብለው፣ እኛ የዚህ ከተማ ሰዎች ቦል ስንበላ እንደምናደርገው፣ ክሬሙ አገጭ ላይ እንዳይፈስ ብለው ኬኩን ገለበጡት። የኢልዲኮ ኬክ ግን ከላይና ከታች ሁለት ቁራጭ ነበር፤ መሐሉ ክሬም ብቻ። ቸኮሌት የተቀባው ክዳን ክሬሙን አስከትሎ የእሁድ ሱሪያቸው ላይ ዘጭ አለ።

ዋውተር ሳቁን ሊውጥ ሞከረ። ኢልዲኮ አልሞከረችም።

«ሆን ብለሽ ነው!» ጠረጴዛውን መቱት። «በገዛ ቤቴ፣ በእንግዳ ፊት!»

«እኔ ምን አደረግሁ? ማን ይዘቅዝቁት አለዎት?»

«አባዬ፣ ተው እንግዲህ» አለ ዋውተር።

«አንተ ዝም በል! ውጡልኝ!»

«እንወጣለን!» አለች ኢልዲኮ ካፖርቷን እየነጠቀች። «ጓዙን ዛሬውኑ እንጭናለን። ከቦልዎ ጋር ይኑሩ!»

በሩ ሲላተም መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

እኔም ልነሳ ስል ድሪክ ከሱሪያቸው ላይ ክሬሙን በማንኪያ ሲጠርጉ አየሁ። ማንኪያው ወደ ሳህኑ አልሄደም፤ ወደ አፋቸው ሄደ። ከዚያ ከሳህኑ ሌላ አነሡ፤ ሳይገለብጡ፣ ቀስ ብለው ገመጡት። በልቤ አምላኬን አመሰገንኩ።

«ቅቤ የለውም» አሉ ለራሳቸው። «እንቁላል ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት እንዲህ ለሰለሰ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ድረስባትና ጠይቃት። ለራስህ የፈለግህ አስመስል።»

«መዋሸት አልችልም።»

ዓይናቸውን አጉረጠረጡብኝ። «አንተ ደግሞ ከነቅዳሴህ! እንግዲያው የጠየቀው ድሪክ ነው በላት። ነገ ኬክ ቤት መጥታ ሠርታ ታሳየኝ። ተነሥ እንጂ፣ መኪናውን ሳይጭኑት!»