ያልተዋጠው ብርቱካን

የብርቱካን ልጣጭ በሸተተኝ ቁጥር ደሴ ያለው የልጅነት ቤታችን ጓሮ ይመጣብኛል። ሌላውን ሰው ይህ ሽታ ያስጎመጀው ይሆናል፤ እኔን ዝም ያሰኘኛል።

ታናሽ እህቴ ዘሃራ አስም ነበረባት። ብርዱና ጭጋጉ ሲበረታ ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። እናታችን ከጎረቤት የሰማችውን ሰብስባ ሕግ አወጣች፤ ብርድ ያለበት ምግብ ዘሃራ አፍ አይገባም። ወተት ብርድ ነው፣ ሙዝ ብርድ ነው፣ ብርቱካን ደግሞ የብርድ ሁሉ አባት ነው። የሚፈቀድላት ነጭ ሽንኩርት በማርና የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ ነበር። ሕጉን እንዳስጠብቅ የተሾምኩት እኔ ነኝ። እኔ አሥር ዓመቴ፣ እሷ ሰባት። ሹመቱን ወደድኩት።

በአንድ የአረፋ በዓል አባታችን ከኮምቦልቻ በዘንቢል ብርቱካን ይዞ መጣ። ድርሻዬን በልቼ፣ ጣቴን እየላስኩ ወደ ጓሮ ስዞር ዘሃራን ከአጥሩ ሥር አገኘኋት። አንድ ብርቱካን በጥርሷ ልጣ፣ አንዷን ክፋይ ልትጎርስ ነው።

«አያ ሰይድ፣ ይቺን ብቻ። ወላሂ አልደግምም!»

«ቆይ፣ ለእማየ ባልነግርብሽ!»

እጇን መታሁት። ክፋዩ አመድ ላይ ወደቀ። ልታነሳው ስትል ረገጥኩት። እያለቀሰች ሮጠች፤ ከበሩ ሳትደርስ ትንፋሿ አጠረ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። በዓሉ ሆስፒታል ውስጥ አለቀ።

እናቴ «ምን በላች?» ስትለኝ «ብርቱካን» አልኳት። ክፋዩ ከንፈሯን እንኳ አልነካም ነበር። ያሳመማት ሩጫውና ለቅሶው ይሆናል፤ ያስለቀስኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ፍራፍሬ የሚባል ሁሉ ተከለከለባት። «ብርቱካን ሊገድላት ነበር» ተባለ፣ ሰፈሩም አመነ፤ አስም ያለባቸው የጎረቤት ልጆችም በእኔ ቃል ተከለከሉ። «ሳያጣሩ ወሬ» የሚሉት ይህንን ነው። ዘሃራ ከስታ አደገች።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከአሮጌ መጻሕፍት ነው። ልጄ ሐያት በአስም ስትያዝ ግን ያነበብኩትን ሁሉ ትቼ የእናቴን ሕግ አወጣሁ። ሐኪሟ የከለከልኩትን ስዘረዝር ሰምታ ጨረሰችና፣

«አባቷ፣ ይህን በልታ ታማ ያውቃል? ወይስ ያማት ይሆናል ብለው ነው?» አለችኝ።

«ያማት ይሆናል ብዬ ነው» አልኳት።

«በልታው የሚያማት ነገር ካለ አይተን እንለየዋለን። በወሬ ግን አይከልክሏት። አትክልቱም ፍራፍሬውም ይጠቅማታል። የምትስበውን መድኃኒት ደግሞ በማርም በምግብም እንዳይተኩባት።»

ልጅ የሚከለክል ወላጅ አስቀድሞ ይጠይቅ እላለሁ። እኔ የጠየቅሁት ከከለከልኩ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐያትን ይዤ ኮምቦልቻ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። ዘሃራ ብርቱካን እየላጠች ልጄን ታጎርሳት ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገርኩትን ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«ዘሃራ፣ ያኔ እኮ ብርቱካኑን አልዋጥሽውም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች፣ መላጧን ሳታቆም። «ያልዋጥኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«በምን ትንፋሼ?»

«በኋላስ?»

«በኋላማ አንተ ተናግረህ ጨርሰህ ነበር፣ አያ ሰይድ።»

ሐያት አገጯ እስኪረጥብ በላች፤ ደረቷ ጸጥ ያለ ነበር። እኔ አንድ ክፋይ አንስቼ ለዘሃራ ዘረጋሁላት። ያኔ ክፋዩን ከእጇ ለመጣል አንድ ምት በቅቶኝ ነበር፤ አሁን እጄ እንደተዘረጋ ቆየ።

«አልለመድኩትም» አለችኝ። «አንተ ብላው።»

እንባዬ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ። አልመጣም። ክፋዩን በላሁት።