ረግረጉን ያደረቅንበት ደቦ

ስለ ጸደይ የሚጽፉ ሰዎች እግራቸው ጭቃ ነክቶት አያውቅም ብዬ እጠረጥራለሁ። ከዲምቱ ከተማ ወዲህ፣ ከአጎቴ ቤት በታች ያለው ረግረግ ከመስቀል በኋላ በወፍ ይሞላ ነበር፤ ዳክዬው፣ ሽመላው፣ ይብራው። መጻሕፍቱ ዜማ የሚሉትን ግን እኔ አልሰማሁም። ሲነጋ የሚቀሰቅሰኝ የገበያ ጠብ የመሰለ ጩኸት ነበር።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ ሶዶ አስተማሪ ነበርኩ፤ አጎቴን ልጠይቅ ወርጄ ነበር። ወርቃማ ዘውድ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ወፎች ውሃው መሀል፣ ሣር ከምረው፣ እንቁላል ታቅፈዋል።

«ውሃው እስካለ ቀበሮ አይደርስባቸውም» አለኝ አጎቴ በዱላው እያመለከተ። ድምፁ ግን ደስ አላለኝም። የረግረጉ ባለቤት፣ ጎረቤቱ፣ ውሃውን አፍስሶ በቆሎ ሊዘራ ለማግስቱ ደቦ ጠርቷል።

«ጫጩቶቹ እስኪወጡ አይቆይም?»

«ለደቦው የሚጠጣው ቦርዴ ተጠምቋል እኮ፤ ቢያድር ይበላሻል።»

«እርስዎ ታዲያ ይቅሩ።»

«ከደቦ የቀረ ሰው ቤቱ ሲዘም ማን ያቃናለታል? ሲሞትስ ማን ይቆፍርለታል፣ ልጄ?»

ብዙ ያነበበ ሰው በንግግር ያምናል። በማለዳ ጎረቤቱ ዘንድ ሄጄ ስለ ወፎቹ ለመንኩ። በትዕግሥት ሰማኝ።

«መምህር፣ ልጆቼን ወፎቹ ያብሉልኝ እንዴ? በቆሎው ሲበቅል ደግሞ መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው!» አለና ቦርዴ በቅል ሰጠኝ። ቅሉን ስመልስ ዶማ አስያዘኝ። በሰው ደጅ ጠጥቶ ዶማ መመለስ ነውር ነው። ቆፈርኩ።

ቀትር ላይ ውሃው በቆፈርነው ቦይ እየጮኸ ወረደ፤ የወፎቹ ጎጆ ዙሪያ ጭቃ ብቻ ሆነ። ከቆፋሪዎቹ የአንዱ ውሻ ጭቃውን እያሸተተ ገባ። ተባዕቱ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ውሻው ፊት ይዘል፣ ይሰግድ፣ እንደገና ይዘል ጀመር።

«ሙሽራው ጨፈረ!» አለ አንዱ። ሁሉም ዶማውን ተክሎ አጨበጨበለት። በሳቁ መሀል «ውሻውን ያዙ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጭብጨባው ድምፄን ዋጠው። ውሻው ወፉን በጎን አልፎት ወደ ጎጆው ሄደ።

አጎቴ አላጨበጨበም። ፊቱን አዙሮ መቆፈሩን ቀጠለ፤ ድርሻው ገና አላለቀም ነበር።