በጠመኔ የተሳለው ማሽን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለዕድር ስብሰባ ቀድሜ ደርሼ ባዶውን አዳራሽ ላቋርጥ ስል... እግሬ በራሱ ጊዜ ዞረና ግድግዳውን ታክኮ ሄደ። ጎረቤቴ አይታኝ «ምነው፣ መሃሉ ምን አለበት?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ነገሩ ረጅም ስለሆነ ለእናንተ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሀዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔና ታናሽ እህቴ አልማዝ አዲስ ከተማ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሷ በመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ እኔ ሥራ ፈላጊ። አባታችን ከይርጋለም «እስከ መስቀል ሥራ ካልያዝሽ ሁለታችሁም ጠቅልላችሁ ኑ» ብሎ ልኮብናል። እኔስ ግድ የለም፣ የእሷ ትምህርት ነው አንጀቴን የሚበላው።

ቀበሌው «የጨርቅ ፋብሪካ ሊከፈት ነው፤ ኦፕሬተር ይፈለጋል» ብሎ ስልጠና ጠራ። ተመዘገብኩ። አሰልጣኛችን ጋሽ መኮንን ሽመና ማሽን ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን እዚያው የትናንቱ አዳራሽ ስንገባ... ማሽን የለም።

«ማሽኑስ?» አልናቸው።

«መርከብ ላይ ነው።»

እስኪመጣ ብለው ተንበረከኩና ማሽኑን ልክ በልኩ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳሉት።

ስድስት ወር ሙሉ በዚያ ስዕል ላይ ሠራን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እሳቸው አጨብጭበው «ተበጠሰ!» ይላሉ፤ እኛ ሮጠን የሌለ ክር ጫፉን አየር ላይ ይዘን እንቋጥራለን። አንድ ቀን ወሬ ይዤ መስመሩን ረገጥኩት።

«አንቺ! ማሽኑ ውስጥ ገባሽ እኮ! እጅሽን ሊበላው ነው!»

ወይኔ! ዘለልኩ። እጄንም ገልብጬ አየሁት፣ እውነቴን ነው።

እሁድ እሁድ አዳራሹ ስብሰባ አለበት። ሰኞ ስንመጣ ማሽናችን በጫማ ተረጋግጦ ጠፍቷል፤ ጋሽ መኮንን እያጉረመረሙ እንደገና ይስላሉ። በኋላማ አየር መቋጠሩ ሲሰለቸን ከገዛ ሹራባቸው እጅጌ ክር እየተረተሩ አንድ አንድ ክንድ ሰጡን። ያቺን ክር ስቋጥር ስፈታ፣ ስቋጥር ስፈታ... አልጋ ላይ እንኳን ጣቶቼ አያርፉም። አልማዝ «በህልምሽም ትቋጥሪያለሽ» ትለኛለች። አልተሳሳተችም፤ በህልሜ ሐይቁ ሁሉ ነጭ ክር ሆኖ ሲፈስ አይ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰርተፍኬት ሰጡን። «የሽመና ማሽን ኦፕሬተር» ይላል፣ ማኅተም አለው። ማሽኑ ግን አሁንም መርከብ ላይ ነው። ሥራ ፈላጊ የሚመዘገብበት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን አገላበጠ።

«ያለው አንድ ቦታ ነው። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መረብ ጠጋኝ ጠይቋል። ያንቺ ሙያ ሌላ ነው፤ ሙያ ካልገጠመ አልልክም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«መርከቡን ጠብቂ።»

መስቀል ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። ለአልማዝ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ በነጋታው በጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጉም ውሃውን ሸፍኖታል፤ ጀልባዎቹ አይታዩም፣ የቀዛፊዎቹ ድምፅ ብቻ ከነጩ ውስጥ ይመጣል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ዳር ዳሩን ቆመዋል፣ እንደ እኔው ሥራ ፈት። አንድ ሽማግሌ መሬት ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ይጠግናሉ፤ ጋሽ ዱካሞ ይባላሉ። ፈዝዤ እጃቸውን ሳይ... ሳይ... የጋሽ መኮንን ቋጠሮ! ያችው ራሷ!

ሳልጠይቃቸው ጎናቸው ቁጭ አልኩና ክሩን ተቀብዬ ቋጠርኩ። ጎተቱት። ፍንክች አላለም።

«ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?»

«በጠመኔ ነው የተማርኩት፣ ጋሼ።»

ከት ብለው ሳቁ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ ስለ አልማዝ ስደርስ እንባዬ መጣ። ለካ ጠጋኝ የጠየቀው የእሳቸው ማኅበር ነው። መረቡን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉና «ተነሺ» አሉኝ።

ያን ዓሣ ዓሣ የሚሸት እርጥብ መረብ የጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት፣ ወረቀቱን እንኳን ሳያነሳ።

«የእኔንና የልጅቷን ቋጠሮ ለይልኝ። ከለየህ አትላካት።»

ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ በአንድ እየጎተተ ያያል። እኔ የአልማዝን ደብተሮች አስባለሁ። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አንዱን ያዘና «ይሄ የእሷ ነው፤ ላላ ይላል» አለ።

«እሱ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ዱካሞ።

ጸሐፊው ማኅተሙን አነሳ።

ሙያ በሚለው ቦታ ላይ ግን «የሽመና ማሽን ኦፕሬተር» ብሎ ነው የጻፈው፤ ሰርተፍኬቱ እንደዚያ ይላላ! ሃያ ምናምን ዓመት መረብ ስጠግን በወረቀት ኦፕሬተር ነበርኩ። አልማዝ ተምራ፣ አስተምራ፣ ይኸው ጡረታ ወጥታለች። ጋሽ መኮንን ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዓሣ ይዤላቸው በሄድኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቁኝ... «መርከቡ ገባ?»

እና ጎረቤቴ... መሃሉ ማሽን አለበት። እንዴት ብዬ ልርገጠው?