በእጅ የተመዘነው ስታቢላይዘር

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ እዚሁ ድሬዳዋ የገጠመኝን ልጻፍላችሁ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ግማሹ ንዴት በጓደኛዬ ላይ ነው፣ ግማሹ በራሴ ላይ። የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አልለየሁም።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ፣ ዮናስና ሙክታር ጥላ ያለው አንድ ግቢ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። ሦስታችንም አንድ ሙያ ነን። ዮናስ ወይን ያመጣል፤ ሙክታር ስለማይጠጣ ለራሱ ለስላሳ ይይዛል፤ ሰምቡሳው የእኔ ድርሻ ነው። ወይኑ ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ካልተቀላቀለበት ጉሮሮ ይቧጥጣል። "ይሄ ባትሪ ውስጥ ቢጨመር ይሻለው ነበር" እያልን እንጠጣዋለን። ዮናስ ከየት እንደሚያመጣው ጠይቀነው አናውቅም።

ወሬያችን ሁሌም አንድ ነው። ሰርቮ የሚባለው ዓይነት ስታቢላይዘር ይሻላል ወይስ ሪሌ የሚባለው እያልን እንጨቃጨቃለን። እሱ ሲሰለቸን ወደ ምግብ እንዞራለን። ሙክታር የእናቱን የአብሽ ወጥ፣ ሁልበት መረቅን፣ የሚያህል የለም ይላል። ዮናስ ጠዋት ፉል ያልበላ ሰው ሥራ ባይገባ ይሻላል ባይ ነው። በመጨረሻ ግን ሦስታችንም በአዴ ሚስኪያ ሰምቡሳ እንስማማለን።

አዴ ሚስኪያ ጎረቤቴ ናት፤ አዴ እኛ ጋ እናት ማለት ነው። እኛ ሰፈር ትልቅ ሰውም አንተ፣ አንቺ ነው የሚባለውና አንቱ አለማለቴን እንደ ንቀት አትዩብኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሯ ላይ ሰምቡሳ እየጠበሰች ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ በድሬ ሙቀት ሌላ የት ይቀመጣል?

ሙቀት ሲበረታ ሰዉ ሁሉ ማራገቢያ ይከፍትና የመብራቱ ኃይል ይወርዳል። ስለዚህ ፍሪጅ ያለው ቤት ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል፤ የደከመውን ኃይል ወደ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ሣጥን ነው። እሱን በመግዛት ረገድ ለሰው ሁሉ የምሰጠው አንድ ምክር ነበረኝ፦ በእጅህ አንሳው፤ ከከበደ ውስጡ መዳብ አለው፣ ከቀለለ ተወው። ለዘመድም ለጎረቤትም ለፋብሪካው ሠራተኛም ይህንኑ ነግሬያለሁ፤ ሁለቱ ጓደኞቼም እንደዚሁ። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ብትሄዱ ሰው ስታቢላይዘሩን እንደ ሐብሐብ እያነሳ ሲመዝን ታያላችሁ። እኛ ነን ያስተማርነው እያልን እንኮራበት ነበር።

የአዴ አሮጌው ስታቢላይዘር ሲበላሽ "ኢንጂነሬ፣ ና አንተ ምረጥልኝ" አለችኝ። አብረን ታይዋን ሄድን። አምስት ስድስቱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አንዱ ክንዴን ሳብ አደረገኝ። "ይሄ ነው" አልኳት። ሻጩ "ኢንጂነር መሆንህ ያስታውቃል" አለኝና ደስ አለኝ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ከሥራ ስመለስ በሯ ላይ አስቆመችኝ።

"ውሃው አልቀዘቅዝ አለኝ ልጄ። ፍሪጁ ታሞ ይሆን?"

ገባሁ። ስታቢላይዘሩ ላይ አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ማሳያው ሁለት መቶ ሃያ ይላል። ፍሪጁን ከፈትኩ፤ የውስጥ አምፖሉም በርቷል።

"አብሽሪ አዴ፣ ኃይሉ ደህና ነው። ሙቀቱ ነው" አልኳትና ወጣሁ።

የኃይል መለኪያዬ ትከሻዬ ላይ በነበረው ቦርሳ ውስጥ ነበር። አውጥቶ ሶኬቱ ላይ መሰካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አላወጣሁትም። ደክሞኝ ነበር፣ ማሳያውም ሁለት መቶ ሃያ ብሎኛል።

አዴ ቃሌን አመነች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢንሱሊኑን ከዚያው ፍሪጅ እያወጣች ተወጋች። የእግሯ አውራ ጣት ላይ ዘይት ተፈናጥሮባት ትንሽ ቁስል ነበራት፤ አልድን ብሎ መግል ያዘ። አንድ ጠዋት ልጇ እያለቀሰች በሬን አንኳኳች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ስኳሯን ለካና "መድኃኒቱን የት ነበር የምታስቀምጪው?" አላት። አዴ ወደ እኔ ዞር ብላ "ፍሪጁ ደህና ነው፣ ኢንጂነሩ አይቶታል" አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጣቷ ተቆረጠ።

በማግስቱ ቤቷ ገብቼ ለካሁ። ወደ ስታቢላይዘሩ የሚገባው መቶ ስልሳ አምስት፣ የሚወጣውም ያው መቶ ስልሳ አምስት። ማሳያው ግን ሁለት መቶ ሃያ እንዳለ ነው፤ የሚያውቀው ቁጥር እሱን ብቻ ነው። የፍሪጁ ሞተር በደካማ ኃይል ሲታገል ከርሞ ተቃጥሏል፤ ኢንሱሊኑም በሙቀት ተበላሽቷል። ሣጥኑን ፈታሁት። የአንድ ሕፃን ጡጫ የሚያህል ትራንስፎርመር አለ። ከሥሩ በጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ የተደፋ ደረቅ ሲሚንቶ አገኘሁ።

ሲሚንቶውን ነቅዬ በጋዜጣ ጠቀለልኩት። ቅዳሜ ደርሶ ስለነበር ይዤው ወደ ጓደኞቼ ሄድኩ፤ ሻጩን ምን እንደምናደርገው ልንመክር ነበር ሐሳቤ። ስደርስ ወይኑ ተቀድቷል። እኔም ከንዴቴ የተነሳ አንዱን ብርጭቆ አንስቼ እስከ ግማሽ ጨለጥኩት።

አዴም ሰምቡሳዋን በጋዜጣ ነው የምትጠቀልለው። ዮናስ እጁን ሰደደና ጥቅሉን አነሳ።

"አቦ ዛሬስ ከብዷል። አዴ ሥጋውን አበዛችው እንዴ?"

ፈታው። አይቶ ይደነግጣል ስል እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ይሄ እኮ የኔ ሥራ ነው። ከየት አገኘኸው?"

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። እሱ ግን እየሳቀ ተረከልን። ዕቃውን አስመጥቶ እዚሁ መጋዘን ውስጥ የሚገጣጥም አንድ ነጋዴ አለ። ሰው እያነሳ ቀላል ነው እያለ ጥሎበት ሲሄድ ዮናስን አማከረው። "ሲሚንቶ ድፋበት አልኩት። አንድ ቀን አልፈጀበትም። ወይኑን ከየት ነው የማመጣው መሰላችሁ? ሰውየው በካርቶን ነው የሚልክልኝ።"

ሙክታር ለስላሳውን አስቀመጠ። "ዮናስ፣ አዴ ሚስኪያ ሆስፒታል መሆኗን ሰምተሃል? ጣቷን ቆርጠዋታል።"

"ይሄ ከእሷ ስታቢላይዘር ውስጥ ነው የወጣው" አልኩት።

የዮናስ ሳቅ ቆመ። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን "ለእሷ እንደሚደርስ በምን አውቃለሁ? ደግሞ ማሳያውን እኔ አልነካሁም። እኔ ያልኩት ክብደቱን ብቻ ነው" አለ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ክብደቱን ብቻ ነው ይለኛል። የሠራውን እየሸነሸነ ይቺ የኔ ናት፣ ይቺ የኔ አይደለችም ይለኛል። "የማናውቃት ሴት ብትሆን ልክ ይሆን ነበር?" ብዬ ጮህኩበት። ያንን ምክር ለሰፈሩ ሁሉ የሰጠነው እኛው ነን። እሱ ሰው በምን እንደሚያምነን አይቶ በዚያው ገባበት። ሌባ እንኳ የጓደኛውን ቁልፍ ሲሰጥ ያፍራል።

ወይኑን መሬት ላይ ደፋሁት። ከብርጭቆው ግማሹን ግን ጠጥቼዋለሁ። ያለፉትንም ቅዳሜዎች ጠጥቻለሁ፤ በአዴ ሰምቡሳ እያጣጣምኩ።

አዴ ከሆስፒታል ስትወጣ ሌላ ስታቢላይዘር ገዝቼ፣ ሱቁ ውስጥ አስፈትቼ፣ በመለኪያ ለክቼ አስገባሁላት። ፍሪጁንም አሠራሁ። ወንበር ላይ ሆና እግሯን ዘርግታ ታየኛለች።

"የድሮው ውስጥ ምን አገኘህ?" አለችኝ።

"ሲሚንቶ።"

"ሲሚንቶ ለመብራት ምን ያደርግለታል?"

"ምንም። እንዲከብድ ነው።"

"ለምን ይከብዳል?"

"እኔ አንስቼ ይሄ ነው እንድልሽ" አልኳት።

"ታዲያ አንተ ምን ታደርግ? አላህ ይይላቸው" አለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እኔና ሙክታር ነጋዴውን ከሰናል፤ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ነው። አሁን ታይዋን ስገባ ሣጥኑን ካልፈታችሁ አልገዛም ስለምል ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይዙሩ።

ዮናስ ሽማግሌ ልኮብኛል፣ ሁለት ጊዜ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኳቸው፦ አዴ ዘንድ ይሂድና ራሱ ይንገራት፣ ከዚያ እታረቃለሁ። አልሄደም። እኔም አልነገርኳትም። ጣትሽ የሄደው በአንድ ካርቶን ወይን ነው፣ ከወይኑም እኔ ጠጥቻለሁ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ንዴቴ የማይበርደውም ለዚህ ይመስለኛል።

አዴ አሁን ተቀምጣ ነው የምትጠብሰው። ቅዳሜ ሲደርስ እንደ ድሮው ሰምቡሳ ትጠቀልልልኛለች። ከዚያ አራቱን ለብቻ ታደርግና "ይቺ የዮናስ ናት፣ የኔን ሰምቡሳ ይወዳል" ትለኛለች። እኔም ተቀብያት እወጣለሁ።