ሁለት ነን ያልኩበት ቀን

ሰሞኑን ሲቀላ ሰፈር አንድ የጽሕፈት ዕቃ መሸጫ ገብቼ ደብተር ስመርጥ፣ ባለሱቁ የማኅተም ቀለም ጠርሙስ ከፍቶ ለደንበኛ አሳየ። ሽታው እንደ ስፒሪት ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይጣፍጣል። ደብተሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ያንን ሽታ የማውቀው ከጨንቻ በላይ ካለው የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከእሱ ጋር እማማ ይመጣሉ።

እማማ ዘመዴ አልነበሩም። ከአባቴ ግቢ አጥር ማዶ የሚኖሩ ጥጥ ፈታይ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። እኛ ዘንድ አሮጊት ብቻዋን አታድርም፤ ጎረቤት ልጁን ለአዳር ይሰጣል። ለእማማ የተሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ቀን የአባቴን እርሻ እሠራለሁ፣ ራቴን ቤታችን እበላለሁ፣ ሲመሻሽ ጋቢዬን ይዤ አጥሩን እሻገራለሁ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ስለነበር ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ በምድጃው ብርሃን አነባለሁ። አንድ ቀን የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። እንዝርታቸውን አቁመው፣ «ማዳበሪያም እንዲህ ብዙ ያወራል እንዴ?» አሉና ሳቁ።

እማማ በሴፍቲኔት ይረዱ ነበር። መዝገቡ ሁለት ነው፤ ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ ይቀበላል፣ አቅም የሌለውና ጧሪ ያጣ ሳይሠራ ይቀበላል። እሳቸው ሁለተኛው ላይ ነበሩ። ምዝገባ ሲታደስ ይዣቸው ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ጉሙ በመስኮቱ እየገባ የወረቀቶቹን ጠርዝ ያረጥብ ነበር።

መዝጋቢው ባለሙያ ቀና ሳይል፣ «ብቻቸውን ናቸው አይደል?» አለ። ጥያቄ እንኳን አልነበረም፤ እስክሪብቶው መጻፍ ጀምሯል።

«አይ፣ ሁለት ነን» አልኩ። «ማታ ማታ እኔ አብሬያቸው አድራለሁ።»

ከኋላዬ የተሰለፈ ሸማኔ ሳቀ። «ይሄን ልጅ ስለ ዝናብ ብትጠይቁት ጠብታውን ቆጥሮ ይነግራችኋል!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ደስ አለኝ፤ እንደ ሙገሳ ነበር የወሰድኩት። ባለሙያው የጀመረውን ሰርዞ ሁለት ብሎ ጻፈ፣ ዕድሜዬን ጠየቀ፣ አሥራ ዘጠኝ አልኩት። እማማ አማርኛው ሲፈጥን ስለሚያመልጣቸው ምን እንደተባለ በጋሞኛ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እውነት ነው» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጫኑ።

በሚቀጥለው ወር ዝርዝሩ በር ላይ ሲለጠፍ እማማን ከሠራተኞቹ ጋር ተጽፈው አገኘኋቸው። ለሥራ የደረሰ ወንድ ያለበት ቤት ሆኗል። እሺ፣ እርከኑን እኔ እቆፍርላቸዋለሁ አልኩ። አይሆንም ተባለ፤ የእኔ ጉልበት በአባቴ ስም ተመዝግቧል፣ አንድ ሰው ሁለት ቤት አይጻፍም። ጉዳዩ እስኪጣራ የእማማ ድጋፍ ቆመ።

ቀበሌው «ወረዳ ያስተካክለው» አለ። ጨንቻ ወረድኩ። ወረዳው «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» አለ። አመጣሁ። «ማኅተሙ ፊርማውን አልነካም» ተባልኩ። የነካ አመጣሁ። ቅሬታ ሰሚው ስብሰባ ሄዷል። በዚያ መሀል እናቴ በየቀኑ ምግብ ትልክላቸዋለች። እማማ ደግሞ ሳህን ባዶውን አይመልሱም፤ ሌላ ስለሌላቸው የፈተሉትን ክር ያስቀምጡበታል። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ክሩ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። እናቴ ምንም ሳትል ታስቀምጠው ነበር።

በመጨረሻ ባለሙያው አዘነልኝ። «ስማ ወንድሜ፣ በከንቱ አትሩጥ። ከዚያ ቤት ውጣ። አጣሪ ኮሚቴው ሳይናገር ይመጣል፤ ብቻቸውን ካገኛቸው ይፈርማል።»

«ብቻቸውን ማደር ይፈራሉ» አልኩት።

«እሱ ፎርሙ ላይ የለም» አለ። እያሾፈ አልነበረም፤ ፎርሙን አዙሮ አሳየኝ። እውነትም የለም።

ለእማማ ስነግራቸው እኔ ነኝ ያበላሸሁት አልኳቸው። «ምን ዋሸህ?» አሉኝ። ጋቢዬን ራሳቸው አጥፈው ሰጡኝ። ኮሚቴው አንድ ቀን ሲመሻሽ መጣ፣ አየ፣ እማማም ብቻዬን ነኝ ብለው ጣታቸውን ሰጡ። ድጋፉ ተመለሰ። «ሌላ ጊዜም እንመጣለን» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንችለው አንድ ነገር አገኘን። ሲመሻሽ እሳቸው ከበሩ ደፍ ውስጥ፣ እኔ ከደፉ ውጭ ተቀምጠን እናወራለን። ሊጨልም ሲል እነሣለሁ።

እማማ ያረፉት በዚያው ዓመት ክረምት መጨረሻ ነው። ጠዋት ውሃ ይዛላቸው የገባችው እህቴ አገኘቻቸው። ስለ እሱ ብዙ አልነግርህም። እኔን የማይለቀኝ ከዚያ በፊት የነበረ አንድ ምሽት ነው።

ደፉ ላይ እንደተቀመጥን ዝናቡ በድንገት ወረደ። የቀርከሃው ጣሪያ ጮኸ፣ አፈሩ ሸተተ። እማማ ተነሥተው ከበሩ ፈቀቅ አሉ።

«ግባ። በዚህ ዝናብ የትኛው ኮሚቴ ይመጣል?»

«ጣትዎን ሰጥተዋል እኮ፣ እማማ። ብቻዬን ነኝ ብለው።»

«እስኪያባራ ነው።»

«እስኪያባራም ቢሆን።»

እንዳልገባ ያደረገኝ ለእሳቸው ማሰቤ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ትክክል መሆኔንም ወድጄው ነበር።

«እሺ ልጄ፣ ሳትበሰብስ ሂድ» አሉኝ።

ጋቢዬን ተከናንቤ ሮጥኩ። አጥሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል በሩን አልዘጉትም። ለእኔ በለቀቁት ቦታ ዝናቡ እየገባ ነበር።