በእማማ የሺ ስም የተነሳ ራጅ

የባለቤቴ እናት እማማ የሺ ቂም የሚረሱ ሰው አይደሉም። ጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች እያመረቱ አምስት ልጅ አሳድገዋል፤ አንዷን፣ ገነትን፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ቀብረዋል። ደብረ ታቦር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ሳሏን "ብርድ ነው" እያለ ስምንት ወር ሽሮፕ አጠጣት። የሳንባ ካንሰር መሆኑ የታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

አምና እኔም ሳል ያዘኝ። ትንሿን ልጄን ገና ጡት አላስጣልኳትም ነበር። ያው ክሊኒክ፣ ያው ዳኛቸው የሚባል ሐኪም። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴ ሽሮፕ ሰጠኝ። ራጅ እዘዝልኝ ስለው ሳቀብኝ።

"በሃያ ስምንት ዓመትሽ የሽማግሌ በሽታ አማረሽ?"

ሌላ ቦታ ልሂድ ብል እማማ አልሰሙኝም። "የለም፣ እዚያው ነው። ይሄን ሰውዬ እኔ ነኝ የማክመው!"

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ጉንፋን እንኳ የማይደፍራቸው ሴትዮ ዳኛቸው ፊት ሲቀመጡ ጎናቸውን ይዘው ሳሉን ለቀቁት።

"ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ስድሳ ሦስት።"

"በዚህ ዕድሜማ ሳል አይናቅም" ብሎ እዚያው ራጅ አዘዘ። ለእኔ የከለከለውን።

ራጅ ክፍሉ በር ላይ እማማ ወረቀቱን አስጨበጡኝ።

"እማማ፣ ስሙ የአንቱ ነው እኮ!"

"ግቢ ብዬሻለሁ። የሺ ሲሉሽ አቤት በይ።"

ራጅ አንሺው ቀና ብሎም አላየኝ።

ዳኛቸው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ። "እማማ፣ ቀኝ ሳንባዎ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ ሳይሉ ባሕር ዳር ይሂዱ።"

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ሳሉም ቆመ።

"ሳንባው የእኔ አይደለም። የዚች ነው፣ በሽሮፕ የሸኘሃት። እኔ የገነት እናት ነኝ። አስታወስካት?"

ፊቱ አመድ መሰለ። "ይሄ እኮ ማታለል ነው..."

"ክሰሰኝ! ራጁን ይዤ ዳኛ ፊት እቆምልሃለሁ። አሁን ግን የሪፈር ወረቀቷን ጻፍ። ዕድሜዋንም ሃያ ስምንት ብለህ፣ በገዛ እጅህ።"

ጻፈ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ባሕር ዳር ተመርምሬ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ገና ስላልተሰራጨ በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ዛሬ ልጄን አዝዬ ዳገቱን ቀስ ብዬ እወጣለሁ። ዳኛቸውን ግን ይቅር አላልኩትም።

እማማ ደግሞ ከእኔም ብሰዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንቻቸውን የሚሸጡት ገበያ ውስጥ ሳይሆን ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ሳል ይዞት ለሚገባ ወጣት ሁሉ ታሪኩን ከነሐኪሙ ስም ይነግሩታል። በቀደም ዳኛቸው ወጥቶ፣ "እማማ፣ አሁን እኮ ለወጣቱም ራጅ አዛለሁ፤ ይበቃል፣ ይነሱልኝ" ቢላቸው ቀና ብለው አዩትና፣

"ድንቼ መቼ አለቀና!" አሉት።