«እኔን!» ያለው አዳራሽ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያ የወጣሁት አብሽና ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ነበር። እግሬ ግን እንደ ልማዱ ሸምሱ ሰልባጅ ዘርግቶ ወደሚሸጥበት ወሰደኝ። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ የከረመ፣ አፉ የሚጣፍጥ ነጋዴ ነው። አዲስ ቦንዳ ፈትቶ ሹራቦቹን ሲያራግፍ አንድ ጥንድ ጫማ ከመሃል ዱብ አለ። ሮዝ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የሳቲን ጨርቅ የለበሰ፣ ረጅም ሪባን የተሰፋበት ጫማ ነው።

«እሱን ይተዉት እትዬ» አለኝ። «ለሕፃን ነው እንዳልል ትልቅ ነው፣ ለሙሽራ ነው እንዳልል ሶሉ እዚህ ግባ አይባልም። ጫፉ ደግሞ እርጥበት ገብቶት ነው መሰለኝ ደርቆ እንጨት ሆኗል።»

ተቀብዬ ጫፉን በጥፍሬ መታ መታ አደረግሁት። ቋ፣ ቋ አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሸምሱ አቧራ የገባብኝ መስሎት ጨርቁን ማራገፉን ተወ።

«አልተበላሸም» አልኩት። «ሲሠራም እንዲህ ነው። ሰው ይቆምበታል።»

«በጫፉ? አላህ ይጠብቀን!» ብሎ ሳቀብኝ።

አልፈርድበትም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ጎባ። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ስለነበረች የራሷ የኪነት ቡድን ነበራት፤ እኔም ተወዛዋዥ ነበርኩ። የባሌን ጭፈራ ላላየ ሰው ልናገር፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ይዘላሉ፣ እኛ ሴቶቹ አንገታችንን ወደፊትና ወደኋላ እየወረወርን ጸጉራችንን እንበትናለን። ከበሮ መቺያችን ከድር የቡድኑም አለቃ ነበርና «አንገት! አንገት!» እያለ ይጮህብናል። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ የበለጠ ደስታ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር።

አባቴ ግን አልወደደልኝም። አባቴ አቶ ወልዴ አናጢ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ቃሉ አጭር፣ ሳቁ ብርቅ። «ሰው ፊት አንገቷን የምትወዘውዝ ልጅ አልወለድኩም» ይል ነበር። ኪነት የገባሁት ቀበሌው አዝዞ ስለሆነ ብቻ ዝም አለ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ግን የባህል ኃላፊውን ጓድ ጥላሁንን ለምኖ አሳመነው፤ ጓድ ጥላሁን ለቢሮው በርና መስኮት የአባቴን እጅ ይፈልግ ነበር። ቀጣዩ ዝግጅት ሲያልፍ ከኪነት ወጥቼ ሹራብ ከሚሠሩት ሴቶች ማኅበር እንድገባ ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም። አንድ ጭፈራ ብቻ ቀረኝ።

ያቺ የመጨረሻዋ ዝግጅት ደግሞ በስህተት የተጀመረች ናት። ከአዲስ አበባ በስልክ መልእክት መጣ፤ ከሶቭየት ኅብረት ወዳጆች ጋር የባሌት ትርኢት በጎባ ይዘጋጅ የሚል። ያኔ የስልኩ መስመር ሲንኮሻኮሽ የሚውል ነበር። ባሌት የሚባል ነገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በከተማችን አልነበረምና ጓድ ጥላሁን «ት»ዋን የስልኩ ጩኸት ናት ብሎ ጣላት። የባሌ ትርኢት! እንግዶቹ የኛን ጭፈራ ሊያዩ ይመጣሉ ማለት ነው። «የባሌ ትርኢት ለወዳጆቻችን» የሚል ጨርቅ በአዳራሹ በር ላይ ተሰቀለ። ሴቶቻችን በሥሩ ባለፉ ቁጥር «የማን ባል ነው ትርኢት የሚያሳየው?» እየተባባሉ ይንከተከቱ ነበር።

እንግዶቹ በጥቅምት መጡ። ከሻሸመኔ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርገው ሲመጡ ገብሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ አውቶቡሳቸው ግን አቧራ ለብሶ መስኮቱ አያሳይም ነበር። እኛ አንገቱ ከሚባለው አገር ማር አስመጥተን፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽተን ጭኮ ሠርተን ጠበቅናቸው። ለክብራቸውም መድረኩ ላይ እርጥብ ቄጠማ ጎዘጎዝን። እንግዳ እንዲህ አይደል የሚከበረው?

በማግስቱ ጠዋት ጋሊና የምትባለው ዋናዋ ተወዛዋዥ አዳራሽ ገባች። ስሟ ላፋችን ስላልመቸን ከመጣች ጀምሮ ገሊላ ብለናታል። ቀጭን፣ አንገቷ ረጅም፣ ሠላሳዎቹን የጨረሰች ሴት ናት። ቄጠማውን ስታይ ክው አለች። አብሯት የመጣው አስተርጓሚ ዳንኤል እዚያው አገሯ የተማረ ያገራችን ልጅ ነበር።

«ይሄ ሣር ምንድን ነው? እዚህ ላይ እኮ ልትጨፍር ነው» አለ።

«እሷ? የምንጨፍረው እኛ ነን እንጂ» አለ ጓድ ጥላሁን። «የባሌ ትርኢት ተብለን የለም እንዴ?»

«ባሌት!»

«እኮ፣ ባሌ!»

«ባሌት፣ ባሌት!»

ዳንኤል ቄጠማው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ጓድ ጥላሁን ግን ላቡ መጣ፤ በዚያ ዘመን ከሩሲያ ጋር በተያያዘ መሳሳት የሚያስቅ አልነበረም። ያዳነው ከድር ነው።

«ወላሂ ምኑ ይከብዳል?» አለ። «እነሱም ይጨፍሩ፣ እኛም እንጨፍር።»

ቄጠማው ተጠረገ። ገሊላ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ መዳሰስ ጀመረች፤ ሚስማሩ ብቅ ብሏል፣ ሳንቃው ሸካራ ነው። መድረኩን የሠራው አባቴ ስለነበር ተጠራና መዶሻና መላጊያውን ይዞ መጣ። ፊቱ ዝናብ አዝሏል።

«ለስብሰባ የተሠራ ነው» አለ። «እስከ ዛሬ ንግግር ሲያደርግ የወደቀ የለም።»

ቢሆንም ተንበረከከ። እሷ በጣቷ እያሳየች፣ እሱ እየላገ አብረው ሄዱ። እኔ ፍቅፋቂውን እጠርጋለሁ። ያ ሁሉ የጥድ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባቴ ሥራ ሲይዝ ቁጣው ይበርድለታልና ጥቂት ቆይቶ ቀና ሳይል ዳንኤልን ጠየቀው።

«መጀመሪያ ማነው ይሄን የጀመረው?»

ገሊላ መለሰች፤ ዳንኤል ተረጎመ። «ከጣሊያን ቤተ መንግሥቶች ተነሥቶ ፈረንሳይ ገባ ትላለች። እዚያም አንድ…» ዳንኤል ጓድ ጥላሁንን በጎን አየው። «አንድ አድኃሪ ፊውዳል ራሱ እየተነሣ ይጨፍር ነበር።»

«ፊውዳል ስትል ባላባት ነው?»

ዳንኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ንጉሥ ነው ጋሼ።»

መላጊያው ቆመ። «ንጉሥ? ራሱ በእግሩ?»

«ራሱ በእግሩ። ከዚያ ወደ ሩሲያም ዘለቀ። ሴቶቹ መጀመሪያ ረጅም ቀሚስና ተረከዝ ያለው ጫማ ያደርጉ ነበር። እያደር ተረከዙን ጣሉት፣ ቀሚሱን አሳጠሩት፤ መንፈስ ለመምሰልም በጣታቸው ጫፍ ቆሙ።»

«በጣታቸው?» አለ አባቴ፤ አላመነም።

ገሊላ የጠየቀውን ሳይተረጎምላት ገባት መሰለኝ ካልሲዋን አወለቀች። የእግሯ ጣቶች ተጣመዋል፣ ሁለቱ ጥፍሮች ጠቁረዋል፣ አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ቀሪው ሁሉ መጅ ነው። አባቴ አየ። ከዚያ የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየና እግሯ አጠገብ ዘረጋው።

«የዚች ልጅ እግር የኔ እጅ ነው» አለ። ደግሞም ለራሱ ያህል፣ «ዳዊትም በታቦቱ ፊት ዘሏል። የናቀችው ሚስቱ ናት» አለ። ወደ እኔ አልዞረም። እኔ ግን መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

ሰዓት እላፊ ስለነበር ትርኢቱ ከቀትር በኋላ ሆነ። አዳራሹ ጢም አለ፤ ከገሰራ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። አባቴ ከፊት ተቀመጠ፤ ወለሉን ሊጠብቅ እንጂ ጭፈራ ሊያይ አልነበረም።

ከቴፑ ሙዚቃ ወጣ። ገሊላ ነጭ ለብሳ ገባችና ተነሣች። ተነሣች ስል ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። ቁመቷ በሰውነቷ ውስጥ ሽቅብ ወጣ፣ ተረከዟ ወለሉን ለቀቀ፣ ከመሬት የሚያገናኛት የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ ሄደች። በዚያ ላይ ዞረች። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ስምቢራ! ያ ረቢ፣ ወፍ ናት!» ሲሉ ተሰማ፤ ሌላው ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ጸጥታው ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ደረቁ የጫማዋ ጫፍ የአባቴን ሳንቃ ሲመታ ነው። ክብደት እንዳላት የሚናገረው እሱ ብቻ ነበር።

መጋረጃው ጀርባ ስትገባ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነች። የጎባ አየር ለለመደው ነው እንጂ ላዲስ ሰው አይበቃም። ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳ እንደ ተባረረ ፈረስ ተነፈሰች። አንድ ጉርሻ ጭኮ አጎረስኳት፤ በዓይኗ አመሰገነችኝ። ሙዚቃው ሲጠራት ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ ወጣች። እዚህ ሞታ እዚያ እንደምትበር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ የደነቀኝ ነገር የለም።

ለሁለተኛው ጭፈራ ጫማዋን አወለቀች። ዳንኤል ጆሮዬ ሥር ተናገረ፤ «ከባሌት በኋላ የመጡ ሰዎች አሉ፤ መንፈስ መምሰል በቃን፣ ሰው ነን፣ መሬቱ ይሰማን ብለው ጫማ የጣሉ። አገሯ ይሄኛው ብዙም አይወደድላትም። እዚህ ማን ያውቀኛል ብላ ነው።»

በባዶ እግሯ ወጣች፣ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ። አሁን አትበርም። ትጎብጣለች፣ ሆዷን ትይዛለች፣ የከበደ ነገር እንደተሸከመች ትንገዳገዳለች። ድንገት ከነቁመቷ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«እኔን!»

አንድ ሰው አይደለም። አዳራሹ በሙሉ ነው፤ ካድሬው፣ ገበሬው፣ አሮጊቷ፣ መጋረጃ ጀርባ ያለነው እኛ ሁሉ ባንድ አፍ። ከሁሉ ቀድሞ የጮኸው ግን አባቴ ነበር። «እኔን ልጄን!» ብሎ ዘለለና መድረኩ ጫፍ ደረሰ፤ ሳንቃው የጣላት መስሎታል። ሁለት እጁን ዘርግቶላት ቆመ።

ገሊላ ግን አልወደቀችም ነበር። መዳፏን መሬት ላይ አሳርፋ፣ ከጀርባዋ ጀምራ ቀስ ብላ፣ ቡቃያ እንደሚወጣ ተነሣች። ጭፈራው ነበር። አባቴ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

ስትገባ እንባዋ ይወርድ ነበር። «ምን ነው ያሉት?» አለች።

ዳንኤል ተቸገረ። «‹እኔ› ማለት ነው። አንቺ ከምትወድቂ እኔ ልውደቅ ማለት ነው» አላት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከዚያ የከድር ከበሮ ጀመረ፤ ተራው የኛ ነው። ስወጣ አባቴ አልተቀመጠም። እዚያው መድረኩ ጫፍ፣ እጄን ብሰድ በምነካው ርቀት ላይ ቆሟል። እኔም በባዶ እግሬ ነበርኩ። የመጨረሻዬ ነው ብዬ አንገቴን ወረወርኩ። ጥዱ ከእግሬ ሥር ለስልሷል፣ ሚስማር የለውም፣ ገና ይሸታል። «አብሺር!» እያለ ያደፋፍረናል ሕዝቡ። ገሊላ መጋረጃውን ይዛ፣ አፏን ከፍታ ታየናለች፤ ቅድም እኛ እሷን እንዳየናት። አባቴ አላጨበጨበም፤ ዓይኑንም ከእግሬ አላነሣም። ከበሮው ሲቆም ሸርተት ብዬ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ።

በሳምንቱ ሹራብ ማኅበሩ ዘንድ ልሂድ ብዬ ስለባበስ ከጓሮ በኩል የመላጊያ ድምፅ ሰማሁ። ቤታችን የአፈር ወለል ነበር። አባቴ ትንሿን ክፍል ባዶ አድርጎ የጥድ ሳንቃ እያነጠፈ ነው፤ አንድም ሚስማር እንዳይታይ አድርጎ።

«ለምንድን ነው አባባ?» አልኩት።

«እግርሽ እንዳይበርድሽ» አለ። መላጊያውን አንዴ ሰድዶ ጨመረበት። «ከድር ይጠብቅሻል፤ አትዘግዪ።»

መንግሥት እስኪለወጥ፣ ቡድኑ እስኪበተን ጨፈርኩ። ገሊላን ዳግም አላየኋትም። አባቴም ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው።

ጫማውን ከሸምሱ ገዝቼ ጎባ ገባሁ። ያቺ ክፍል አሁን የምተኛባት ናት፤ ግድግዳው ታድሷል፣ ጣራው ተለውጧል፣ ወለሉን ግን አላስነካም። ጫማዬን አውልቄ መሃል ላይ ቆምኩ። ጉልበቴ እንኳን ለጣት ለተረከዝም አይሆንም። የሳቲኑን ጫማ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ ሳይ ሪባኑ አዳለጠኝና አንዱ ከእጄ ወድቆ ሳንቃውን መታ። ቋ!

«እኔን!» አልኩ፤ ማንም በሌለበት።